ከአያት እርሻ ቤት የተገኘው የናስ ዕቃ ምንድን ነው፣ በእሳትስ ይከፈታል?

ሰላም እህቴ፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ሰንዳፋ አካባቢ ካለው የአያትሽ እርሻ ቤት፣ ጎተራ ስር፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ከባድ ዕቃ አገኘሽ፣ ሁለት ቆርቆሮ አፍ ለአፍ ተገጥሞ በጥርስ የተጠመዘዘ ይመስላል፣ አናቱ ላይ የምትዞር ትንሽ እጀታና ማንጠልጠያ አለው፣ ጎኑ ላይ ነጭ ጫፍ ወጣ ብላለች፣ ሲነቀነቅ ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ወንድምሽ ቦምብ ነው አለ፣ አንድ ደላላ ውስጡ ሜርኩሪ አለ ብሎ ሊገዛሽ ፈለገ፣ የሰፈሩ ጋራዥ ደግሞ «አምጪው በእሳት እንከፍተዋለን» አለሽ።

እሳቱ ይቅርብሽ። ሌላውን ሳታነቢው ብትቀሪ እንኳን ይሄን ያዢልኝ፣ ምክንያቱም የላክሽው ፎቶ ላይ ያለው የካርባይድ መብራት ነው፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንደቀረ ሳይታወቅ የብየዳ እሳት ማስጠጋት ማለት ጋራዡንም ሰውዬውንም ማጣት ሊሆን ይችላል።

እኔ ተክለሃይማኖት አካባቢ ብየዳ ነው የምሰራው፣ ካርባይድን የኛ ሰዎች በደንብ ያውቁታል፣ ኦክሲጅኑ በሲሊንደር ይመጣል፣ ጋዙን ግን ካርባይድና ውሃ አገናኝቶ ራሱ የሚያወጣ ጋራዥ አለ። መብራቱም በዚያው መንገድ ነው የሚሰራው። የላይኛው ክፍል ውሃ ይይዛል፣ የታችኛው ግራጫ ጠጠር የመሰለውን ካርባይድ፣ እጀታዋ ስትዞር ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ካርባይዱ ውሃ ሲነካው አሴቲሊን የሚባለውን ጋዝ ይለቃል፣ ጋዙ በነጯ ጫፍ ወጥቶ ይለኮሳል። እጀታዋ ዙሪያ ያየሻቸው ጭረቶች ጌጥ አይደሉም፣ የጠብታውን መጠን ማስተካከያ ናቸው፣ ብርሃን ሲፈለግ ጠብታ ይጨመራል።

እርግጠኛ ያደረገኝ ግን ቅርጹ አይደለም፣ ሶስተኛው ፎቶ ላይ መገጣጠሚያው ጥርስ ውስጥ የተጋገረው ግራጫ ነጭ ዱቄት ነው። ካርባይድ ጋዙን ሲጨርስ የሚቀረው ኖራ ነው፣ ላምባ የሚጠጣ ፋኖስ ወይም ፕሪመስ ቢሆን ጥቀርሻና ቅባት ነበር የምናየው። የሜርኩሪው ወሬ ደግሞ አሮጌ ዕቃ ባለበት ሁሉ የሚዞር ነው፣ ሳዑዲ ውስጥ እኮ በ2009 እ.ኤ.አ. አሮጌ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ ተብሎ የመኪናው ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር፣ የተገኘ ነገር ግን የለም።

ወንድምሽ ላይ ግን አትሳቂበት። ክንፍ ያለው፣ አፍንጫው የሾለ፣ ወገቡ ላይ የመዳብ ቀለበት የታሰረበት ወይም የሚመዘዝ ፒን ያለው ነገር ቢሆን ኖሮ አይነሳም አይነቀነቅም፣ ባለበት ትቶ ለፖሊስ መደወል ነው። ያንቺው አንዱም የለበትም።

አሁን አከፋፈቱ። ግቢ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ ሲጋራም ከሰልም ግራይንደርም በሌለበት። አሴቲሊን አየር ውስጥ 2.5 በመቶ ብቻ ሲሆን ለመቀጣጠል ይበቃዋል፣ ላምባ አይደለምኮ። መጀመሪያ የነጯን ጫፍ ቀዳዳ በቀጭን የብረት ሽቦ ክፈቺው፣ የታፈነ ነገር ካለ በዚያ ይውጣ። የኤሌክትሪክ ገመድ ሽቦ እንዳትጠቀሚ፣ እሱ መዳብ ነው፣ አሴቲሊን ደግሞ ንጹህ መዳብ ላይ ሲቆይ በትንሽ ግጭት የሚፈነዳ ነገር ይፈጥራል፣ ለዚህ ነው ዕቃው ከዚንክ ጋር ከተቀላቀለ መዳብ፣ ማለትም ከናስ የተሰራው። አንድ ቀን ማንም «ይቺን ቱቦ በፍሪጅ መዳብ ልቀይርልሽ» ካለሽም እምቢ በይ።

ከዚያ መገጣጠሚያው ዙሪያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጊና አሳድሪው። ውሃ፣ ኮምጣጤ፣ ሳሙና፣ ምንም እርጥብ ነገር እንዳይነካው፣ ኮምጣጤ ኖራ ይፈታል ብሎ የሚመክርሽ ሰው አይጠፋም፣ እውነቱን ነው ግን ኮምጣጤ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ካርባይድ ካለ ራስሽ ጋዝ ማምረት ጀመርሽ ማለት ነው። ጠዋት ዙሪያውን በእንጨት ቀስ እያልሽ ደብድቢው፣ የታችኛውን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልለሽ ያዢና የላይኛውን ወደ ግራ። ሞርሳ ላይ እንዳታስሪው፣ ናሱ ስስ ነው፣ አንዴ ክቡ ከተጣመመ ጥርሱ መቼም አይገጥምልሽም።

ሲከፈት የሚንኮሻኮሸውን በጓንት ነው የምትነኪው፣ ኖራ ላብ ያለበት እጅ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባማ አታምጪው። አንድ ፍርፋሪ በፒንሳ አንስተሽ እዛው ሜዳው ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣይ። ዝም ካለ ሁሉም ኖራ ሆኗል፣ ጥረጊው አለቀ። ከፈላና ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ካመጣ ገና አልሞተም፣ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ጨምሪውና ክዳን ሳታደርጊ ውጪ አሳድሪው። ሽንት ቤት ውስጥ አይደፋም፣ ክዳን ባለው ፕላስቲክም አይቀመጥም።

ዕድሜውን ጠይቀሽኛል። ቂጡ ላይ ያለው ጽሁፍ ጣሊያንኛ ስለሆነ ብቻ የግድ ከ1928 እስከ 1933 ባለው የጠላት ጊዜ ገባ ማለት አይደለም፣ ብዙ ጣሊያኖች ከዚያም በኋላ እዚሁ አገር ቀርተው ሲሰሩ ስለኖሩ ዕቃው በነሱም በኩል ሊመጣ ይችላል፣ ከቤተሰቡ ሽማግሌ ካለ እሱን መጠየቅ ከኔ ይሻላል። መሸጥ ካሰብሽ ቸርችል ጎዳና ያሉትን የአንቲክ ሱቆች ሁለት ሶስቱን አሳዪ እንጂ ለመጀመሪያው ደላላ አትስጪ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈትጊው፣ ገዢ የሚፈልገው ያንን የጠቆረ መልኩን ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ውስጡ የኤልኢዲ አምፖል ገጥመሽ ሳሎን አንጠልጥይው፣ በካርባይድ ግን ቤት ውስጥ አይለኮስም።

ጥርሱ እምቢ ካለሽ ጉልበት አትጨምሪበት፣ ደውይልኝና እኔው ሰንዳፋ ድረስ እመጣለሁ፣ ሳይከፈት ግን ሰው በሞላበት ታክሲ ይዘሽው እንዳትመጪ።