«ያገኘሁትን እሠራለሁ» የሚሉ የአይቲ ተማሪዎችን ስለ ማማከር

ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሦስተኛ ዓመት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪዎች አማካሪ ሆነው እንደተመደቡና ስለ ወደፊት ሥራቸው ሲጠይቋቸው አብዛኞቹ «ያገኘሁትን እሠራለሁ» ከማለት እንደማያልፉ ጽፈዋል። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ትምህርት ክፍል ሳስተምርና ሳማክር ካየሁት ተነሥቼ የበኩሌን እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ፣ መልሳቸውን እንደ ስንፍና ባይቆጥሩት መልካም ነው። ብዙዎቹ ወደ ትምህርት ክፍሉ የገቡት መርጠውት ሳይሆን በድልድል ደርሷቸው ነው፤ ሙያው ሲሠራ በቅርብ ያየም ጥቂት ነው። ያላየውን ሥራ እንዲመርጥ የተጠየቀ ተማሪ ሌላ ምን ይበል? ስለዚህ እኔ የምጀምረው ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። ተማሪዎቹ ከኢትዮጆብስ (የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ) እና ከቴሌግራም ቻናሎች የባንኮችን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና የሶፍትዌር ድርጅቶችን ማስታወቂያዎች ሰብስበው የሥራ መደቡን፣ የተጠየቀውን ችሎታና የሥራ ልምድ በቡድን ይለያሉ። «አይቲ» በሚለው ስም ሥር የኔትወርክ አስተዳደር፣ የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት)፣ የተጠቃሚ ድጋፍ፣ የሶፍትዌር ልማትና የመረጃ ደኅንነት የየራሳቸው ሥራ እንዳላቸው ያኔ ያስተውላሉ። ቀጥሎም እያንዳንዱ ሁለት መደብ ብቻ መርጦ የሚጎድለውን በአንድ ገጽ ይጽፋል። «የኔትወርክ ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ የሚያመጣውን ወረቀት እመልስለታለሁ፤ «በዚህ ሴሚስተር ሁለት ቅርንጫፍ ላለው መሥሪያ ቤት የሚሆን ኔትወርክ በፓኬት ትሬሰር (ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ መሥሪያ ሶፍትዌር) ሠርቼ አሳያለሁ» ሲል ግን የምንነጋገርበት ነገር አገኘን ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለውጥ ሲያመጣ ያየሁት የተግባር ልምምዱ ነው፤ እርግጥ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ደብዳቤ ሲተይብና ቶነር ሲቀይር የሚከርም ተማሪም አለ። ይህን ለመቀነስ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ተቀባዩን የአይቲ ክፍል ኃላፊ በስልክ አነጋግሬ ሁለት ወይም ሦስት ተግባራት ላይ እንስማማለን፤ ተማሪውም የዕለት መዝገብ እንዲይዝ አዛለሁ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ከመጻፍ ውጭ ሌላ ሥራ አልሠራም ትል የነበረች አንዲት ተማሪ በአንድ ሆስፒታል ከሠራተኞች የሚመጣውን አቤቱታ በየቀኑ ስትመዘግብ ቆይታ፣ አብዛኛው ችግር የታካሚ መረጃ ተደጋግሞ ከመመዝገቡ የሚመጣ መሆኑን ተረዳች። የመመረቂያ ፕሮጀክቷን ከዚያው መዝገብ አወጣች፤ ፍላጎቷም ወደ ዳታቤዝ ዞረ። እኔ በምክር ብቻ ወደዚያ ላደርሳት አልችልም ነበር።

የምስክር ወረቀት ነገርም አለ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች የኢንተርኔት ሥልጠና መርሐ ግብር በነጻ የሚሰጥ በመሆኑ አበረታታዋለሁ፤ ሆኖም የዌብ ፕሮግራሚንጉንም፣ የአንድሮይዱንም፣ የዳታ ሳይንሱንም ወረቀት የሰበሰበ ተማሪ ግብ አለው ማለት አይደለም። በአንዱ የተማረውን ሠርቶ ጊትሃብ (የፕሮግራም ሥራዎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ላይ ያስቀመጠውን ለማየት እጠይቃለሁ።

ይህን ሁሉ በሦስተኛው ዓመት ቢጀምሩት ይሻላል፤ ተማሪዎች ለመመረቅ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የአራተኛው ዓመት ጊዜ በጣም ጠቧል። ላፕቶፕ የሌላቸው ተማሪዎች እንዳይቀሩም የምሽት የቤተ ሙከራ ሰዓት እንዲፈቀድላቸው ከትምህርት ክፍል ኃላፊው ጋር ሴሚስተሩ ሳይጀመር ይነጋገሩ፤ የክፍል ፕሮግራም ከወጣ በኋላ ክፍት ሰዓት ማግኘት ያስቸግራል።