ኮርስ ከመመዝገብሽ በፊት የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን አውጪው

ሰላም እህቴ። "የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ማስታወቂያው ሁሉ የሁለት ዓመት ልምድ ይላል፤ ተቀጣሪ ለመሆን የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?" ብለሻል። ጀማሪ መሐንዲሶች ሲቀጠሩ ለዓመታት ከጠያቂዎቹ ወገን ስለተቀመጥኩ፣ ከኮርሱ በፊት የሚመጣውን ልንገርሽ።

አዲስ ተመራቂ ሥራውን አውቆ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። የምናየው አንድ ራሱ የሠራውን ነገር ይዘን ስንጠይቀው እስከ የት ድረስ እንደሚያስረዳ ነው። ሲቪሽ ላይ "የውሃ ፓምፕ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ" የሚል የመመረቂያ ፕሮጀክት አለ እንበል። ሞተሩ ስንት ኪሎዋት ነበር? ኬብሉን የመረጣችሁት በከረንቱ ብቻ ነው ወይስ ቮልቴጅ ድሮፑንም (በኬብሉ ላይ የሚጠፋውን ቮልቴጅ) አይታችኋል? ሞተሩን መጀመሪያ በስታር አስነስቶ ከዚያ ወደ ዴልታ የሚቀይረው የስታር ዴልታ አነሳስ ለምን? እዚህ ላይ ሁሉም "የማስነሻውን ከረንት ይቀንሳል" ይላል። ልክ ነው፤ በቀጥታ በዴልታ ከማስነሳት ጋር ሲተያይ ከመስመሩ የሚሳበው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። "ቶርኩስ፣ የማዞር ጉልበቱስ?" ስንል ግን ብዙው ዝም ይላል። እሱም ወደ አንድ ሦስተኛ ስለሚወርድ፣ ገና ሲነሳ ከባድ ጭነት ያለበትን ማሽን ላያንቀሳቅሰው ይችላል። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ የሚፈልገው ቶርክ ከፍጥነቱ ጋር እያደገ የሚሄድ ስለሆነ ይስማማዋል። ይህን በራሷ አንደበት የምታስረዳ ልጅ ከመጣች ውጤቷ መካከለኛ ቢሆንም ወዲያው ትታወቃለች። የሲቪል ተመራቂም ቢሆን ሁለት ጫፉ ላይ የተደገፈ ቢም የሞመንት ዲያግራም ሣል ተብሎ ሲደናገር አይቻለሁ፤ እጁ የለመደው ሶፍትዌሩን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ፕሮጀክትሽን መልሰሽ አውጪውና ቁጥሮቹን እንደገና አስቢያቸው። ሲንግል ላይን ዲያግራሙን (የኃይል አቅርቦቱን በነጠላ መስመር የሚያሳየውን ንድፍ)፣ የጭነት ስሌቱን፣ ብሬከሩንና ኬብሉን የመረጥሽበትን ምክንያት፣ እንዲሁም ያልሠራላችሁን ነገር በሁለት ሦስት ገጽ ጽፈሽ ፒዲኤፍ አድርጊው። ያልሠራውን አትደብቂ፤ ጥሩው ወሬ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የቡድን ሥራ ከሆነ የትኛውን ክፍል አንቺ እንደሠራሽ ለይተሽ ጻፊ፤ "ፕሮግራሙን የጻፈው ጓደኛዬ ነው፤ የእኔ የኃይል ክፍሉ ነበር" ማለት የሚያስጥል ነገር የለውም። የሚያስጥለው የሌላውን ሥራ የራስ አድርጎ አቅርቦ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ መቆም ነው።

ወደ ኮርሱ ስመለስ፣ አንድ ብቻ ምረጪ። ፋብሪካ ውስጥ መሥራት ካሰብሽ ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽኖችን የሚቆጣጠር፣ ፕሮግራም የሚጻፍለት ኮምፒውተር) ይሁን። የትኛው ብራንድ ይሻላል ብለሽ አትጨነቂ፤ በሥዕል የሚጻፈውን ላደር ዲያግራም ጨምሮ የፒኤልሲ ፕሮግራም ቋንቋዎችን የሚደነግገው አይኢሲ 61131-3 የሚባል ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ስለሆነ፣ አንዱን በደንብ ያወቀ ወደ ሌላው መሻገር አይከብደውም። ኮድሲስን የመሰለ ሶፍትዌር በነጻ አውርደሽ፣ ምንም ዕቃ ሳትገዢ በሲሙሌሽን መለማመድ ትችያለሽ። የፓምፕሽን መቆጣጠሪያ እዚያው ብትጽፊው ከሰርተፍኬት ይበልጥ ይናገርልሻል።

ሲቪሽ አንድ ገጽ ይብቃው። "ማትላብ 85 ከመቶ" የሚል መስመር እባክሽ አታስገቢ፤ የቀረውን 15 ከመቶ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ሁሌም ይቃጣኛል።

"ሁለት ዓመት ልምድ" የሚለውን ማስታወቂያ ደግሞ እንደ ምኞት ቁጠሪው። የሥራ ዝርዝሩን አንብበሽ ግማሹን መሥራት እንደምትችይ ካመንሽ አመልክቺ። አምስትና ከዚያ በላይ ካለ ግን ጊዜሽን አታባክኚ። ለሥራው ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ ከሆነ ደግሞ ወሬውን እዚያው አቁሚ።

ዲዛይን ቢሮ ብቻ አትጠብቂ፤ ጥገና፣ ተከላና ኮሚሽኒንግም (የተተከለውን ፈትሾ ሥራ ማስጀመር) አሉ። እኔ ብሆን ኮሚሽኒንግን አስቀድማለሁ፤ ወረቀት ላይ የተሣለው ነገር ኃይል ሲገባበት ምን እንደሚሆን የሚታየው እዚያ ነው፤ ስህተቱም በዚያው ቀን ይገለጣል። ፈረቃውና ጉዞው ይከብዳል፤ ያንን አስቢበት።

ቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለሽ?" ሲሉሽ፣ ሥራሽን ማን እንደሚያይልሽና እንደሚያርምሽ ጠይቂ። "ራስሽን ችለሽ ነው የምትሠሪው" ካሉሽ፣ ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ሌላውን ምረጪ።