ቀጭን እሰር፦ ለትራውት የሚሆኑ ቀላል የእንግሊዝ ዌት ፍላዮች

ጥያቄህን በኋላ የሚመጣም ሰው እንዲረዳው ባጭሩ ልድገመው። ሊድስ ነው የምትኖረው። ሞርሳ፣ ቁጥር 14 መንጠቆ፣ አንድ ሙሉ የግራጫ ቆቅ ቆዳና ብርቱካናማ የሐር ክር ገዝተሃል። የምታስራቸው ዌት ፍላዮች (ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ መንጠቆ ላይ በላባና በክር የሚሠሩ፣ ውሃ ውስጥ የሚሰጥሙ ነፍሳት መሰል ማጥመጃዎች) ጭንቅላታቸው እየተለቀ የመንጠቆውን ዓይን፣ ማለትም ክር የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ይደፍንብሃል፣ ላባው እየተበጠሰ ያስቸግርሃል፣ ክንፍ ያለውን ስትሞክር ደግሞ ክንፉ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ከየትኛው ልጀምር ነው ያልከው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ባሌ ይሠራል ወይ ብለሃል።

ክንፍ ያለውን ለጊዜው ተወው። የሰሜን እንግሊዝ አጥማጆች ስፓይደር በሚሉት ጀምር፤ ክንፍ የለውም፣ ጭራ የለውም፣ ከመንጠቆው ሌላ አንድ ክርና አንድ ለስላሳ ላባ ብቻ ነው። በዎርፍ፣ በኒድ፣ በዩርና በስዌል ወንዞች ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገሉት የታወቁ ዓይነቶች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ለአንተም የጎረቤት ወንዞች ናቸው። የመጀመሪያህ ፓርትሪጅ ኤንድ ኦሬንጅ (ቆቅና ብርቱካናማ) የሚባለው ይሁን፤ ዕቃው ተሟልቶ እጅህ ላይ አለ። ከዘረዘርካቸው ችግሮች ብዙዎቹ አንድ ምንጭ አላቸው፦ መንጠቆው ላይ የሚጫነው ነገር መብዛቱ። ስለዚህ እያንዳንዱን ዙር ቁጠር።

መንጠቆው ዓይኑ ወደ ታች የታጠፈ፣ ርዝመቱ መደበኛ የሆነ የዌት ፍላይ መንጠቆ ይሁን። የምታጠምድበት 14 ይሁን እንጂ እጅ ለማፍታታት ተለቅ ያለው 12 ይሻላል። ሞርሳው ላይ ካጠበቅከው በኋላ ዘንጉን (ቀጥ ያለውን የመንጠቆ ክፍል) በጥፍርህ ገፋ አድርገህ ልቀቀው፤ ወደ ቦታው የማይመለስ ወይም የሚሰበር ከሆነ ሳታስርበት ጣለው።

ስለ ክሩ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ነው። ፓርትሪጅ ኤንድ ኦሬንጅ ላይ ክሩ ማሰሪያ ብቻ ሳይሆን ገላውም እሱ ነው። የቆየው ምርጫ ፒርሳልስ ጎሳመር የሚባለው ቀጭን ሐር ሲሆን ብርቱካናማው ቁጥሩ 6ኤ፣ ሐምራዊው 8 ነው። ሐር ውሃ ሲነካው ይጨልማል፤ ደማቁ ብርቱካናማ ዝገት ወደሚመስል ቡናማ ይወርዳል፣ ከሥር ያለው የመንጠቆ ብረትም ያጠቁረዋል። ትራውቱ የሚያየው ይህንን ቀለም ነው፤ ያሰርከውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሳትከት አትፍረድበት። የፖሊስተር ክር ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም፣ ግን እርጥብም ደረቅም ሆኖ ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። ለልምምድ ይሁንህ፣ ለወንዝ ግን ሐሩን ያዝ።

ክሩ የሚቀባው ሰምም የቀለሙ አካል ነው። ለብርቱካናማና ለሐምራዊ ክር ነጣ ያለ ሰም ተጠቀም። ጠቆር ያለው የጫማ ሰፊ ሰም ለቢጫ ክር ነው፤ ቢጫውን ወደ ወይራ አረንጓዴ ይለውጠዋል፣ ግሪንዌልስ ግሎሪ በሚባለው ክንፍ ያለው ፍላይ ላይ የሚፈለገውም ያ ቀለም ነው። ሰሙን በጣትህ አሙቀህ አለስልስ፤ ከዚያ ክሩን በሰሙ መሐል ሳትቆም ፈጠን አድርገህ ሳበው። ግማሽ ላይ ካቆምክ ይጣበቅና ይበጠሳል። ክሩ ሰም ሳይነካው ራሱ እየተፍተለተለ የሚበጠስ ከሆነ ደግሞ የቦቢን መያዣህን (የክር ጥቅሉን የሚይዘውን መሣሪያ) ቱቦ ጫፍ ተመልከት፤ ብረቱ ከተሰነጠቀ ሐርን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። የሴራሚክ ቱቦ ያለው ይህ ችግር የለበትም። ሌላው በጣሽ የመንጠቆው ሹል ጫፍ ነው፤ ወደ ታች ስትጠመጥም ክሩን እንዳትነካበት።

ከቆዳው ላይ የሚፈለገው ከጀርባና ከአንገት ሥር ያለው ቡናማ ዝንጉርጉር ላባ ነው፤ ግራጫውን የደረት ላባ ለሌላ አስቀምጠው። ልኩ እንዲህ ነው፦ ዘርፉን (ከላባው አገዳ ግራና ቀኝ የሚወጣውን ቀጫጭን ጭረት) ከአገዳው ላይ ቀጥ አድርገህ ስትዘረጋው ርዝመቱ ከመንጠቆው ዓይን እስከ እጥፋቱ፣ ቢበዛ ጥቂት አልፎ። ለቁጥር 14 የሚበቃ ትንሽ ላባ ከአንድ ቆዳ ላይ ብዙ አይገኝም። ረጅሙን ጫፉን በመቀስ አታሳጥር፤ የተቆረጠ ጫፍ ድንዝ ይሆናል፣ ውሃ ውስጥም አይንቀሳቀስም። በረጅሙ ላባ ምን እንደሚደረግ ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

አሁን ወደ አስተሳሰሩ። ከዓይኑ ኋላ 1 ሚሊ ሜትር ባዶ ትተህ ክሩን ጀምር፣ ወደ ኋላ 4 ዙር ጠምጥምና ትርፉን ቁረጥ። ያ ባዶ ቦታ የጭንቅላቱ ቦታ ነው፤ እስከ መጨረሻው ምንም አይገባበትም። ዓይኑ የሚደፈንብህ ገና ሲጀመር ክሩን ዓይኑ ሥር ስለምታስነሳው ነው።

ከላባው ሥር ያለውን ብናኝ ነቅለህ ጣል። ስትጠመጥመው ዘንጉ ላይ የሚተኛውን የአንድ ጎን ዘርፍ ሙሉ በሙሉ ግፈፍ፤ የሚቀረው አንዱ ጎን ብቻ ነው። ሁለቱን ጎን ይዘህ ከጠመጠምክ ሁለት ዙር አራት ዙር ያህል ይሞላል፣ ፍላዩም መጥረጊያ ይመስላል። ከዚያ የላባውን ሥር ዘንጉ ላይ አስቀምጥ፤ ጫፉ ከዓይኑ አልፎ ወደ ፊት ይመልከት፤ በ3 ዙር እሰረው። የሥሩን ትርፍ ስትቆርጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተወው፤ በገላው ሥር ይቀበራል፣ ላባው ሲሳብም አይወልቅም።

ክሩን ዙሩ ከዙር ጋር እየተነካካ፣ ሳይደራረብ፣ ወደ ኋላ ውሰድ። ከመንጠቆው ጫፍ ትይዩ ስትደርስ ቁም። የሰሜኖቹ ፍላዮች ገላ አጭር ነው፤ እስከ እጥፋቱ ከወረድክ ቅርጹ ይበላሻል። ከመመለስህ በፊት ቦቢኑን ወደ ግራ አሽከርክረህ ፍትሉን ፍታው፤ የተፈታ ሐር ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ ገላውም ልሙጥ ይወጣል። በዚያው አካሄድ ተመለስና ላባው ከታሰረበት 1 ሚሊ ሜትር ኋላ ላይ ክሩን አንጠልጥለው።

አሁን ላባውን በትንሿ ፒንሳ ጫፉ ላይ ያዝና ወደ ኋላ፣ ወደ ክሩ አቅጣጫ፣ አንድ ዙር ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ዙር ጠምጥም። ሦስተኛ ዙር የለም። ክሩ ጋ ሲደርስ የላባውን ጫፍ በአንድ ዙር ክር ያዝ፤ ከዚያ ክሩን በዘርፎቹ መሐል ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያወዛወዝክ ሁለት ዙር ወደ ፊት አሳልፍ። ይህ የመሻገር ዙር የላባውን አገዳ ሁለት ቦታ ላይ ስለሚቆልፈው የዓሣ ጥርስ በቀላሉ አይፈታውም፤ ጭንቅላቱም ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም የላባው ጫፍ የተቆረጠው ከኋላ እንጂ ከዓይኑ ሥር አይደለም። በ4 ዙር ዊፕ ፊኒሽ (ክሩ በራሱ ዙሮች ሥር የሚቀበርበት መቋጫ) ዝጋ፣ ሳበው፣ ቁረጥ። ቫርኒሽ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ፣ ጭንቅላቱ ላይ ብቻ። ገላው ላይ ከፈሰሰ ሐሩ ውሃ መጠጣቱን ያቆማል። ዓይኑ ውስጥ የገባውን ሳይደርቅ በተረፈ የላባ አገዳ ጥረገው።

ላባው የሚበጠሰው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፒንሳው የያዘው በጣም ጫፉ ላይ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ብለህ ያዝ። ሁለተኛ፣ እየጠመጠምክ ታዞረዋለህ፤ አገዳው ሲጣመም ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ ቆዳው አርጅቶ ደርቋል። ላባውን ለአንድ ደቂቃ ያህል እርጥብ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ ይህን የመጨረሻውን ያቀልለዋል። ላባውን በጫፉ አስሮ መጀመርም አለ፤ አገዳው እዚያ ስለሚቀጥን ፍላዩ ያምራል፣ ግን ለጀማሪ እጅ ብዙ ይበጠሳል። እኔ ለጀማሪ አልመክረውም።

ረጅሙን ላባ ደግሞ እንዲህ አድርገው። ከአገዳው ላይ 15 ያህል ዘርፍ በአንድ ላይ ቁረጥ፣ ጫፎቻቸው እኩል ይሁኑ። ጫፎቹን ከዓይኑ አሳልፈህ ወደ ፊት አስቀምጥ፣ ርዝመቱን በምትፈልገው ልክ ለካ፣ ሁለት ላላ ያለ ዙር ጣልባቸው፣ ክሩን ቀስ ብለህ ስትስብ በጣትህ ግፋቸው፤ ዘንጉን ዞረው ይሰራጫሉ። ትርፉን ቆርጠህ ገላውን ሥራ፣ መጨረሻ ላይ ዘርፎቹን ወደ ኋላ መልሰህ በፊታቸው ጥቂት ዙር አድርግና ዝጋ። ከቆዳው ላይ ሌላ ጊዜ የምትጥለው ላባ ሁሉ በዚህ መንገድ ይሠራል።

ይህ ከተስተካከለልህ ስናይፕ ኤንድ ፐርፕል የሚባለው ፍላይ ያው ሥራ ነው፦ ሐምራዊ ክር፣ ስናይፕ ከምትባለው ወፍ ክንፍ ውጫዊ ጎን፣ ከትከሻው አጠገብ ያለች ጥቁር ላባ። ላባዋ ደካማ ናት፤ በእርጋታ ጠምጥም። ለቀዝቃዛው የመጋቢትና የሚያዝያ ውሃ ጥሩ ነው። ዋተርሄን ብሎዋ የሚባለው ሌላ ስፓይደር ላይ የሚጨመረው የፍልፈል ፀጉር ነው፦ ቢጫ ክር ላይ በጣት እያሸህ ታጣብቀዋለህ፣ ላባው ደግሞ ከውሃ ዶሮ ክንፍ የውስጥ ጎን የሚነቀል ጭስ መሰል ግራጫ ነው። እዚህ ሁሉም ሰው ፀጉሩን ያበዛል። ቢጫው ክር በፀጉሩ መሐል በግልጽ መታየት አለበት፤ ካልታየ ግማሹን አራግፍ።

ወደ ክንፉ እንምጣ። ግሪንዌልስ ግሎሪ የተሰየመው በዱራሙ ቄስ ዊልያም ግሪንዌል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1854 በትዊድ ወንዝ ዳር ስፕራውስተን ይኖር የነበረው ጄምስ ራይት አሰረላቸው። ገላው በጥቁር ሰም የወየበ ቢጫ ሐር፣ ላዩ ላይ በ4 ወይም በ5 ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የወርቅ ቀለም ሽቦ፣ ከፊት መሐሉ ጥቁር ዳሩ ቀይ ቡናማ የሆነ የሴት ዶሮ አንገት ላባ። ክንፉ ከቀኝና ከግራ ክንፍ ላባ የተቆረጡ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ጎን ከመጡ ተጣምረው አይቆሙም።

ክንፉ የሚዞርብህ ክሩ ወደ አንተ ማዶ እየጎተተ ስለሚሄድ ነው። ሁለቱን ቁራጭ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጥብቅ አድርገህ ዘንጉ ላይ ያዝ፣ ክሩን በጣቶችህ መሐል ወደ ላይ አምጣው፣ ልል ቀለበት ሆኖ በክንፉ ላይ ይለፍ፣ በማዶ በኩልም በጣቶችህ መሐል ይውረድ። ከዚያ ቀጥ ብለህ ወደ ታች ሳብ፤ ወደ ጎን አትሳብ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሳታደርግ ጣትህን አትልቀቅ። ዘንጉ ላይ አስቀድሞ ሰም የተቀባ የክር ንጣፍ ይኑር፤ ባዶ ብረት ላይ ክንፍ ይንሸራተታል። ክንፉ ከተሰነጣጠቀ ፍታውና ሌላ ቁራጭ ውሰድ፤ በክር ብዛት ለማቃናት አትሞክር፣ ጭንቅላቱ የሚተልቀው ያኔ ነው።

ለወንዙ ሦስት ፍላይ በአንድ መስመር ላይ በ90 ሴንቲ ሜትር ርቀት ማሰር የተለመደ ነው፤ መሐለኛውና የላይኛው በ10 ሴንቲ ሜትር ቅርንጫፍ ክር ላይ ይንጠልጠሉ። ከዚያ ከረዘመ ዋናው ክር ላይ ይጠመጠማል። የአሳ ማጥመጃ ፈቃድህን አትርሳ፤ በእንግሊዝ ከ13 ዓመት ጀምሮ ግዴታ ነው፣ የወንዙ ባለቤት ወይም ክለብ ፈቃድም ለብቻው ያስፈልጋል። በዮርክሻየር ወንዞች የቡናማ ትራውት ወቅት ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 25 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው።

ባሌን በተመለከተ፦ ዌብና ዳንካን በመሳሰሉት ወንዞች ያለው ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው፤ የሚበላውም ያንኑ የውሃ ውስጥ ነፍሳት ስለሆነ እነዚህ ፍላዮች እዚያም ይሠራሉ። ፓርትሪጅ ኤንድ ኦሬንጅ በ12ና በ14፣ ዋተርሄን ብሎዋ በ14 ይዘህ ሂድ። ብሔራዊ ፓርኩን የሚመለከት ፈቃድ ዲንሾ ካለው ጽሕፈት ቤት አስቀድመህ ጠይቅ። ፍላዩን እንግሊዝ ሆነህ አስረህ ውሰድ እንጂ ላባ ከዚያ አገኛለሁ አትበል፤ ከፓርኩ ወፍ ላይ ላባ አይነካም። የቀረውን የቆቅ ቆዳ ደግሞ በሚዘጋ ላስቲክ ከትተህ አስቀምጥ፤ ብል ከገባበት አንድ ክረምት ውስጥ አገዳው ብቻ ይቀርልሃል።