ጥሬ ሽሪምፕ (ቅርፊት ያለው ትንሽ የባሕር እንስሳ) ለማብሰል ሲዘጋጅ፦ የቡድናችን አባላት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሽሪምፕ ከነጭንቅላቱ ገዛሁ፤ የማበስለው ግን ነገ ነው። እንዳለ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ጭንቅላቱን ዛሬውኑ ያንሡት። እዚያ ውስጥ ምግብ የሚፈጭበት ዕጢ አለ፤ እንስሳው ከሞተ በኋላ የዕጢው ኢንዛይሞች ወደ ሥጋው ይዘልቁና የገዛ አካሉን መፍጨት ይጀምራሉ። በማግስቱ አንገቱ አካባቢ በጣት ሲነኩት የሚላሽቀው ለዚህ ነው። ገላውን በአንድ እጅ ያዝ፣ ጭንቅላቱን በሌላው ጠምዘዝ አድርገው ይሳቡት። ብርቱካንማ ፈሳሽ ቢከተል አይደንግጡ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርገው ያድርቁት። ቅርፊቱ ግን እስከ ማብሰያው ሰዓት አይላጥ። ከዚያ ማጥለያ ላይ በበረዶ መካከል አድርገው ማቀዝቀዣ ያስገቡት፤ ከሥሩ ሳህን ይኑር። የቀለጠው ውኃ ውስጥ አይዘፍዘፍ! ጭንቅላቱንም አይጣሉት፤ ከቅርፊቱ ጋር ሲፈላ ግሩም መረቅ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ቅርፊቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ተበላሽቷል?

መልስ፦ በነጠብጣቡ ብቻ አይፈረድበትም፤ የተቆረጠ ፖም አየር ሲነካው እንደሚጠቁረው ያለ ነው። ያሽትቱት። አሞኒያ (እንደ ቆየ ሽንት የሚሰነፍጥ ሽታ) ከሸተተ ወይም ከተዝለገለገ ይጣል።

ጥያቄ፦ በረዶ የሆነውን በሙቅ ውኃ ባቀልጠውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ከቸኮሉ በደንብ በታሰረ ከረጢት አድርገው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይክተቱት። ያለ ከረጢት አይዘፍዘፍ።

አንድ አባል፦ እኔ በሎሚ ነው የማጥበው፤ ጀርሙን ይገድለዋል።

ሌላ አባል፦ ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ጀርሙን አይጨርሰውም።

የመጀመሪያው፦ ከነጣ በሰለ ማለት አይደለም እንዴ? ዕድሜ ልኬን እንዲሁ ነው የሠራሁት።

ሌላው፦ ዕድሜ ማስረጃ አይሆንም።

መልስ፦ የተጠየቀው ስለ ማቅለጥ ነበር። ሎሚ ከበሰለ በኋላ ለጣዕም ይጨመቅ፤ ጀርም የሚገድለው እሳት ነው፤ መሐሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ። ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ጭንቅላቱ ሳይነሣ ቢያድር ችግር አለው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ከመጠየቅ በፊት ማንበብ ደግ ነው።

ጥያቄ፦ ጀርባው ላይ ያለው ጥቁር ክር ደም ሥር ነው? ካልወጣ ያሳምማል?

መልስ፦ አንጀቱ ነው። ከበሰለ አያሳምምም፤ አሸዋው ግን በጥርስ መካከል ይንቀጫቀጫል። ቅርፊቱን ሳይላጡ ለማውጣት ጀርባውን ጎበጥ አድርገው ይያዙ፤ ስቴኪኒ በሁለት ቅርፊቶች መጋጠሚያ አስገብተው ከክሩ ሥር ያሳልፉና ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሡ። ከጎተቱት ይበጠሳል።

አንድ አባል፦ ትንንሹን ሁሉ እንዲህ ስናደርግ ሊመሽብን ነው።

መልስ፦ ትንንሹን ከነክሩ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ስንት ደቂቃ ላብስለው?

መልስ፦ መጠኑን አልነገሩኝ፣ መጥበሻ ይሁን ድስት አልነገሩኝ፤ ደቂቃ ከየት ላምጣ? ብርሃን የሚያሳልፈው ሥጋ እስከ መሐሉ ሲነጣ ያውጡት። እርጥቡን መጥበሻ ላይ ከጣሉት ግን ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ አለርጂ ያለበት ሰው በደንብ ከበሰለ መብላት ይችላል?

መልስ፦ በፍጹም አይችልም። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን እሳት አይበግረውም። መጥበሻውና ቢላዋውም ይለዩለት። ሌላውን ሐኪሙን ይጠይቅ።