ዓሳ እንዲራባ ወንዝ ውስጥ ጠጠር መድፋት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ሰነበቱ? ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ስዊድን፣ ሰሜኑ ክፍል ኡሜዮ ነው። ባለፈው ቪዲዮ ላከልኝ። ኤክስካቫተር ወንዝ መሀል ገብቶ ድንጋይና ጠጠር ይደፋል። «ለዓሳ መራቢያ ነው» አለኝ። እኛም ዓሳ እያነሰን ነው፤ እዚህ ብንሞክረውስ? ጓደኞቼ ሳቁብኝ። (ከሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ)

መልስ፦ ወንድማለም፣ ጓደኞችህ ቸኩለዋል። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ግን ጠጠር ከመጫንህ በፊት ዓሳህ የትኛው እንደሆነ እንነጋገር።

የዚያ አገር ወንዞች ሁለት ጊዜ ነው የተጎዱት። ድሮ ግንድ በወንዝ እየተንሳፈፈ ወደ ፋብሪካ ይወርድ ስለነበር፣ ግንዱን የሚያስቆም ድንጋይ ሁሉ እየተፈነቀለ ዳር ተከመረና ወንዙ ቦይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ግድቡ መጣ። ሳልመን ደግሞ ባሕር ውስጥ አድጎ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣ ዓሳ ነው። ሴቷ በጎኗ ተኝታ ጠጠሩን በጅራቷ እየመታች ትቆፍራለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወንዱ ሲጨርስ ትንሽ ወደ ላይ ፈቀቅ ትልና እንደገና ቆፍራ በሚወርደው ጠጠር ታለብሰዋለች። እንቁላሉ የበረዶውን ወራት እዚያው ተቀብሮ ይከርማል። በጠጠሩ መሀል ንጹህ ውሃ ካላለፈ ይታፈናል። ደለል ከሞላው አለቀለት።

ግድብ ከላይ የሚመጣውን ጠጠር ይዞ ያስቀራል። ከግድቡ በታች ደቃቁ ታጥቦ ይሄድና ዓሳ የማይቆፍረው ትልልቅ ድንጋይ ብቻ ይተርፋል። በዚያ ላይ መብራት ሲፈለግ ውሃው ይለቀቃል፣ ሲበቃ ይቀነሳል፤ ዳር ላይ የተጣለ እንቁላል ደረቅ ላይ ይቀራል። ኤክስካቫተሩ የመጣው ለዚህ ነው።

ጠጠር ብቻውን ግን ዋጋ የለውም። ኡሜዮ አጠገብ ስቶርኖርፎርስ የሚባል የኃይል ማመንጫ አለ። ቪንደል ወደሚባለው ገባር የሚወጣ ሳልመን የግድ እሱን ማለፍ አለበት። ቪንደል እንዳይገደብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተወስኖለታል፣ መራቢያውም በድንጋይና በጠጠር ተጠግኗል። ችግሩ ዓሳው የሚከተለው ኃይለኛውን ፍሰት ነው፤ ኃይለኛው ፍሰት ደግሞ ከተርባይኑ የሚወጣው ነው፤ ስለዚህ መንገድ ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ የዓሳ መሰላል፣ ማለትም ዓሳው ደረጃ በደረጃ ግድቡን የሚያልፍበት የውሃ መንገድ ተሠራ። እኔን ካልክ ቅድሚያ መንገዱ፣ ቀጥሎ ውሃው፣ ጠጠሩ መጨረሻ።

ወደ እናንተ ስመጣ፣ ቀረሶ (ቲላፒያ) የወንዝ ጠጠር አይፈልግም። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ምጣድ የመሰለ ጎድጓዳ ይሠራል። ሴቷ እዚያ ትጥልና እንቁላሉን ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች፣ አፏ ውስጥ ይፈለፈላል። ሐይቃችሁ ደግሞ ከዳር ብዙ ሳትርቅ ገደል ነው። ለቀረሶ የሚሆነው ጠባቡ ዳር ብቻ ነው ማለት ነው። እዚያ ደንገሉ ተነቅሎ እስከ ውሃው አፋፍ ከታረሰ፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ከተጨመረበት፣ ሲኖ ትራክ ሙሉ ጠጠር ብትደፋም ከንቱ ልፋት ነው። አምባዛም ያው ነው፤ በክረምት ውሃ የገባበትን ሣር ፈልጎ ነው የሚጥለው።

ጠጠር የሚወደው ነጭ ዓሳ ነው። የጣናዎቹን ብትወስድ፣ በርካታዎቹ ዝርያዎች በክረምት ጉማራንና ርብን ይዘው ወደ ላይ የሚወጡት ጠጠራማ ቦታ ፍለጋ ነው። በእኛ በኩል ከላሊበላ አካባቢ የሚነሳው ተከዜ አለ። ግድቡ 188 ሜትር ነው፤ ለእንዲህ ያለ ከፍታ መሰላል አይታሰብም። ግን ከግድቡ በላይ ላለው ዓሳ ገባር ወንዞቹ ክፍት ናቸው። በክረምት የገባሩን አፍ በመረብ አለመዝጋት፣ ጠጠሩንም ለግንባታ አለመዛቅ ነው የሚያስፈልገው። የስዊድንን ያህል ወጪ የለውም።

አንተ መጀመሪያ ክረምቱ ሲገባ ወደ ሐይቁ የሚፈሰውን የአንከርካን አፍ ሄደህ እይ። ውሃው ቀይ ሆኖ ከገባ ሥራው ያለው ተራራው ላይ ነው፦ እርከንና ሣር። ከዚያ ዳሩን ከጓደኞችህ ጋር ዞራችሁ ደንገል የቀረበትን ቦታ ለዩና፣ እዚያ መረብ እንዳይጣል ከአጥማጆቹ ማኅበር ጋር ተነጋገሩ።