ጌይኑን ቀነስ፣ ሚዱን ጨመር

ጥያቄህ ይህ ነው፦ የኤሌክትሪክ ጊታር መልቲ ኢፌክትህን (ብዙ ኢፌክቶችን በአንድ የያዘውን ሳጥን) በቀጥታ ከቤት ስፒከር ጋር አገናኝተህ የግላም ሜታል (የ1980ዎቹ የሮክ ስልት) ሪፍ፣ ማለትም የሚደጋገም አጭር የጊታር ሐረግ፣ ስትመታ ድምፁ ይንጫጫል፣ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ደግሞ ይድበሰበሳል። ጌይኑ፣ ማለትም ድምፁ ምን ያህል እንደሚሻክር የሚወስነው ቁልፍ፣ ጥግ ድረስ ተከፍቷል። ሌላ የዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር) ፔዳል ልግዛ ወይ?

ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ።

መንጫጫቱ የመጣው ከስፒከሩ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በብዛት ይቆርጠዋል። የቤት ስፒከር ግን የዲስቶርሽኑን ጭረት ሁሉ ያወጣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ካብ ሲሙሌሽኑን (የጊታር ስፒከር ካቢኔትን ድምፅ የሚያስመስለውን) አብራ። ባለ አራት ስፒከር የማርሻል ካቢኔት ካለው እሱን ምረጥ።

ከዚያ ጌይኑን ወደ ግማሽ አውርደው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ ራትና ዶከን የተባሉት ባንዶች ከሎስ አንጀለስ ያመጡት ዓይነት ድምፅ ከምናስበው ያነሰ ዲስቶርሽን ነው ያለው። በ1981 የወጣውን ማርሻል ጄሲኤም 800 አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ብቻውን ብትከፍተው ለዛሬ ሜታል ሰሚ ጌይኑ ያንሳል። ለዚህ ነው ብዙዎች ከፊቱ ኦቨርድራይቭ (ቀለል ያለ ዲስቶርሽን የሚሰጥ ፔዳል) የሚያስቀድሙት፤ ቦስ ኤስዲ-1 ወይም ቲዩብ ስክሪመር።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የፔዳሉን ድራይቭ (የማሻከሪያውን ቁልፍ) ዜሮ አካባቢ ተወው፣ ሌቭሉን (የሚወጣውን ድምፅ መጠን) ክፈት። እነዚህ ፔዳሎች ድምፁ አምፑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ይቀንሳሉ። ቤዝ በብዛት ገብቶ ዲስቶርት ሲደረግ ፓልም ሚዩትህ (ክሩን በመዳፍህ ጠርዝ አፍነህ የምትመታው ምት) ጭቃ ይሆናል። ከዲስቶርሽኑ በኋላ በአምፑ ቤዝ ብትጨምር ግን ችግር የለውም። መልቲ ኢፌክትህ ውስጥ የእነዚህ ፔዳሎች አምሳያ መኖሩ አይቀርም፣ ፈልገው።

ደግሞም የግላም ሪፍ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ክፍት ክር እየተመታ ከላይ ኮርድ እየተቀያየረበት ነው። ጌይን ሲበዛ የኮርዱ ኖታዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ሜጀር ይሁን ማይነር አይለይም።

ለመነሻ የአምፑን ቁልፎች እንዲህ አድርጋቸው፦ ቤዝ 4፣ ሚድ (መካከለኛው ድምፅ) 7፣ ትሬብል (ቀጭኑ ድምፅ) 6፣ ፕረዘንስ (ከሁሉም የቀጠነው) 5። ሚዱን መቁረጥ ብቻህን ስትጫወት ደስ ይላል፤ ከበሮና ቤዝ ጊታር ሲገቡ ግን የለህም። ሌላው፣ ቶንህን (የድምፅህን ቀለም) በምትጫወትበት ቮልዩም ላይ አስተካክል። ጆሯችን ዝቅ ባለ ድምፅ ቤዝና ትሬብልን በደንብ አይሰማም። ማታ ጎረቤት እንዳይነቃ ብለህ የሠራኸው ቶን መድረክ ላይ ይጮኻል፣ ቤዙም ይበዛበታል።

ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው) ብሪጁ (የክሮቹ መቀመጫ) አጠገብ ያለው ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ይሁን። ኮረስን (ድምፁን የሚያወዛውዘውን ኢፌክት) ለክሊን (ዲስቶርሽን ለሌለባቸው) ክፍሎች አቆየው፤ እኔ ሪፍ ላይ አልወደውም፣ የፒኩን ምት ያለሰልሰዋል።

ያ ትልቅ፣ ሰፊ ድምፅ ደግሞ ከጌይን የመጣ እንዳይመስልህ። ሪፉን ሁለት ጊዜ ተጫውተህ ቅዳ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አድርገው። ያው አንዱን ቅጂ ኮፒ አድርገህ ብትለጥፈው ድምፁ ይጨምራል እንጂ አይሰፋም።