ምጣዱ የት ይቁም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ቤት እየሠራን ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ልስን ገና አልተጀመረም። ማዕድ ቤቱ 3 በ3.5 ሜትር ነው። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ውስጥ ይግባ ትላለች። እኔ ደግሞ እንፋሎቱ ኮርኒሱን ያበላሸዋል ብዬ ውጭ ማጀት ልሥራ እላለሁ። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ባለቤትዎ የሚሉት ይሻላል፣ ግን ከሁሉ በፊት ቦታ የሚመረጥለት ምጣዱ ይሁን። ብዙ ቤት የሚበላሸው ካቢኔውና ሲንኩ ተገጥመው ካለቁ በኋላ ምጣዱ የተረፈው ጥግ ሲሰጠው ነው።

ምጣዱን ከውጭኛው ግድግዳ ጋር ያስጠጉት። ከበላዩ፣ ከኮርኒሱ ሥር፣ 40 በ60 ሴ.ሜ. የሚሆን መስኮት ይክፈቱ። እንፋሎት ሽቅብ ነው የሚሄደው፤ ታች ያለ መስኮት ቢከፈት አያወጣውም፣ ኮርኒሱን አርሶ ነው የሚቀረው። ንጹሕ አየር የሚገባበት በር ወይም መስኮት ደግሞ በተቃራኒው በኩል ይኑር። ከምጣዱ በላይ ችፑድ አይምቱ፤ በወራት ውስጥ ያብጣል። ተለስኖ ዘይት ቀለም ይቀባ።

ምጣዱ ከነጠርዙ 65 ሴ.ሜ. ገደማ ይይዛል። የሚረሳው አክንባሎው ነው፦ ተነሥቶ የሚያርፍበት ሌላ 65 ሴ.ሜ. ይፈልጋል። እንጀራው በሰፌድ ወጥቶ ለሚበርድበት 60 ሴ.ሜ. ሲጨመር 1.9 ሜትር ይመጣል። 3.5 ሜትር ከሆነው ግድግዳዎ ይህን ለምጣዱ ይተዉ፤ የሊጡ ዕቃ ጋጋሪዋ በምትቀዳበት እጅ በኩል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከፊቱ ያለው መቆሚያም ከ1.1 ሜትር አይነስ።

ቁመቱን ከሲንኩ ጋር እኩል አያድርጉት። ሲንኩ 90 ሴ.ሜ. ቢሆን የምጣዱ ገጽ ከ75 እስከ 80 ይሁን። ሊጡ ከዳር ወደ መሃል እየዞረ ሲፈስ እጅ ከምጣዱ በላይ ነው የሚውለው፤ ምጣዱ ከፍ ካለ ትከሻ ይዝላል፣ አክንባሎው ሲነሳም እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመጣል።

ወደ መብራቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ተራ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት መጀመሪያ የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ፕለጉ ቀልጦ ይጣበቃል። ስለዚህ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ለምጣዱ ብቻ የሚመጣ ውፍረቱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ከልስን በፊት ያስቀብሩ፤ የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይኑረው። ማራዘሚያ ፈጽሞ አይጠቀሙ። የግራውንድ ሽቦው የግድ ነው፤ እርጥብ እጅና ብረት የሚገናኙበት ቦታ ነውና። መብራት ሲጠፋ በእንጨት የምትጋግሩ ከሆነ ግን ትንሽ ማጀት ውጭ መኖሩ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው የምጽፈው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ 2.5 ሜትር የብረት ማማ ላይ አስቀምጠናል። አዲሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ግን አይሞላም፤ ትንሽ ቆይቶ ስሕተት እያሳየ ይቆማል።

መልስ፦ መጀመሪያ የማስወጫ ቱቦውን ይዩ። ወለል ላይ ተጋድሞ ከሆነ ውሃው በገባበት ፍጥነት ይፈስሳል፣ ማሽኑም ሲሞላ ይውላል። ጫፉን ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴ.ሜ. ከፍ አድርገው ባለ 50 ሚሊ ሜትር የቆመ ቱቦ ውስጥ ያስገቡት፤ በዚያ ብቻ ከሞላ ጣጣው አለቀ። ካልሞላ ቧንቧውን ዘግተው ከማሽኑ ጀርባ የማስገቢያ ጎማውን ይፍቱ። እዚያ አውራ ጣት የምታህል ወንፊት አለች፤ በፒንሳ ስበው በጥርስ ብሩሽ ይጠቧት። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ የሚያመጣው ዝገትና ደለል የሚከማቸው እሷ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ ካለ የጎደለው ግፊት ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍ ሲል 1 ባር ይሰጣል። የእርስዎ ሮቶ ሞልቶ እንኳ ከማሽኑ መግቢያ የሚበልጠው 2.6 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ 0.26 ባር ነው፣ ውሃው ሲቀንስም አብሮ ይወርዳል። ብዙዎቹ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፤ የእርስዎን ከመመሪያው ያረጋግጡ። ማማውን ማስረዘም አልመክርም። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ነው፣ ለ2.5 ሜትር የተበየደ ብረት አይችለውም። ከሮቶው በኋላ ቧንቧ ሲከፈት በራሱ የሚነሳ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ይግጠሙ። በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ ግን አይግጠሙት፤ ቧንቧው ስንጥቅ ካለው ከአፈሩ ቆሻሻ ይስባል፣ ጎረቤትንም ውሃ ያሳጣል።

ማሽኑ የቆመበት ወለል ወደ ማፍሰሻው በየሜትሩ 1.5 ሴ.ሜ. ያዘቅዝቅ። ለሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ዳስ ያስፈልግዎታል፤ ዙሪያው በብሎኬት ከተዘጋ ልብሱ ሳይደርቅ ይሸታል።

ጥያቄ፦ ቦታችን ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። 3 በ5 ሜትር ጋራዥ ሠርተን ፒክአፕ፣ ጄኔሬተርና የጋዝ ሲሊንደር ልናስገባበት ነው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ርዝመቱ 5.3 ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጡን 3.3 በ6 ያድርጉት። መውረጃው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ዝቅታ ቢያንስ 7 ሜትር ይርዘም፣ አለዚያ የመኪናው ሆድ ይመታል። ከበሩ ፊት ከዳር እስከ ዳር በፍርግርግ ብረት የተሸፈነ 15 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ቦይ ያስቆፍሩ፤ የክረምቱ ጎርፍ እዚያው ይቀራል። ቦዩን ከሴፕቲክ ታንኩ ጋር አያገናኙት፣ በአንድ ዝናብ ይሞላል።

ጄኔሬተሩና ሲሊንደሩ ግን ከጋራዡ ይውጡ። የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በሩ ገርበብ ቢልም ይገድላል። የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ ዝቅ ያለው ጋራዥ ውስጥ እንደ ውሃ ይተኛና መኪናው ሲነሳ በሚወጣው ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ሲሊንደሩን ከማዕድ ቤቱ ውጭ፣ ከመሬት በላይ፣ ታችኛው ጎኑ ክፍት የሆነ የብረት ሳጥን ውስጥ ያቁሙት።